የ2016 ምርጦቼ በአንድ ካሴት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ግንቦት፦ መነሻ

በየዓመቱ የወደድኳቸውን አልበሞችና ዘፈኖች መዝግቤ እይዛለሁ። ዝርዝሩ ስልኬ ላይ ይቀመጥና የሚያየው እኔና የእህቴ ልጅ ብቻ ነን። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ለጋሼ ሊሰጥ ነው። ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የሚነዱት ዲኤክስ ኮሮላ ሲሆን ቴፑ ካሴት ብቻ ነው የሚያጫውተው። ፍላሽ መሰኪያ የለውም። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክቶ በኤፍ ኤም የሚያስተላልፈውን ዕቃ አምና ሞክረነው ነበር፤ ከከተማ ሳንወጣ ሌላ ጣቢያ እየገባበት ስላስቸገረ ጋሼ ነቅለው አስቀመጡት።

ስለዚህ ዘንድሮ ካሴት እቀዳለሁ። አንድ ሲ90፣ በየጎኑ 45 ደቂቃ። ጋሼ በየጊዜው ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሁለቱም ጎን ሳይደገም አልቆ ትንሽ መንገድ ይተርፋል።

ገደቡን ወድጄዋለሁ። ስልክ ላይ ያለ ዝርዝር ማለቂያ የለውም፤ ደስ ያለኝን ሁሉ ስጨምርበት ስለምከርም ዓመቱ ሲያልቅ የቱን በእርግጥ እንደወደድኩ አይታወቅም። 90 ደቂቃ ግን አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማውጣት ግድ ይላል።

የመጀመሪያ ደንብ፦ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ለአድማጭ የቀረበ ሥራ። የፈረንጆቹ የዓመቱ ምርጥ ዝርዝር በታኅሣሥ ይዘጋል፤ የእኔ ዓመት በጳጉሜ ነው የሚዘጋው።

ግንቦት መጨረሻ፦ ዴኩ

መቅጃ ዴክ በ4,500 ብር ገዛሁ። የጃፓን ሥሪት ነው፤ ሦስት ሄድ (ክሩ ላይ ድምፅ የሚቀዳና የሚያነብ ክፍል) አለው፤ የተቀዳውን እዚያው እየቀዳ ያሰማል። ሻጩ «ይበራል ግን አይዞርም» ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ነው። ጀርባው ላይ 100 ቮልት ይላል። ቀጥታ ሶኬት ላይ ቢሰካ በአንድ ጊዜ ይቃጠላል፤ ለጃፓን ዕቃ የሚሆን 220 ወደ 100 የሚያወርድ ትራንስፎርመር 1,800 ብር ጨመርኩ። የሞገዱ ልዩነት፣ 50 ይሁን 60 ኸርዝ፣ ለዚህ ዴክ ችግር አይደለም፤ ሞተሩ በዲሲ ነው የሚሠራው።

በካቻቢቴ አራቱን የክዳን ብሎኖች ስፈታ የማይዞርበት ምክንያት ወዲያው ታየ። ቺንጋው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኗል። ፑሊው ላይ፣ ፍላይዊሉ (ፍጥነቱን የሚያረጋው ከባድ ተሽከርካሪ) ላይ፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ ጥቁር ጭቃ ተጣብቋል። ይሄ ጭቃ እጅ ላይ ከገባ በሳሙና አይለቅም፤ ልብስ ከነካም አለቀለት። በጥጥና በ99 ፐርሰንት አልኮል ቀስ እያልኩ ጠረግኩት። የመድኃኒት ቤቱ 70 ፐርሰንት አልኮል ውኃ ስላለበት ለሄድ አይመከርም፤ 99ኙን ከላቦራቶሪ ዕቃ ሻጭ ነው ያገኘሁት።

አዲስ ቺንጋ በልኩ አልተገኘም። የድሮውን ዙሪያ በክር ለክቼ መርካቶ ከቴፕ ጠጋኞች ዘንድ ተቀራራቢ ወሰድኩ፣ 250 ብር። ከልኩ ትንሽ የጠበበ ይመረጣል፤ የላላ ከሆነ ድምፁ ይዋዥቃል፣ በጣም ከጠበበ ደግሞ የሞተሩን ቡሽ ይበላል። ክሩን የሚጨምቀው ጎማ ደርቆ ያብለጨልጭ ስለነበር በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ፊቱን አሸት አሸት አድርጌ በአልኮል አጠብኩት። ዞረ!

ሰኔ፦ ፍጥነት

መዞሩ ብቻ አይበቃም። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው መሄድ ያለበት። መለኪያ ካሴት ስለሌለኝ በእጅ ለካሁ። ከተበላሸ የእንግሊዝኛ መማሪያ ካሴት ክሩን አውጥቼ፣ ወለል ላይ ዘርግቼ በሜትር 4.76 ሜትር ለካሁ፤ ሁለቱ ጫፎች ላይ በነጭ እርሳስ ምልክት አድርጌ መልሼ ጠቀለልኩት። ፍጥነቱ ትክክል ከሆነ ከምልክት እስከ ምልክት 100 ሴኮንድ መውሰድ አለበት። የእኔ ዴክ 97 ላይ ጨረሰ። ሦስት ፐርሰንት ፈጣን ነው ማለት ነው፤ ጆሮ ላይ የግማሽ ኖታ እኩሌታ ያህል ሽቅብ ይወጣል።

ሞተሩ ጀርባ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ውስጧ የፍጥነት ማስተካከያ አለ። በብረት ካቻቢቴ አይነካም፣ ከሞተሩ አካል ጋር ከተነካካ ያጠፋዋል። የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አሹዬ በትንሽ በትንሹ አዞርኩት። 100 ላይ ቆመ።

ለአብዛኛው ሙዚቃ ይሄ ሁሉ ጭንቅ ላያስፈልግ ይችላል። ለፒያኖ ግን ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካሴቱ ላይ እንደሚኖሩ የማውቃቸው መነኩሲቷ ፒያኒስት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው፤ የሳቸው ፒያኖ ደግሞ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ያስታውቃል።

ሰኔ፦ ባዶ ካሴት

ምናለሽ ተራ ዞሬ ያገኘኋቸው አብዛኞቹ የተቀዳባቸው ናቸው። ማስጠንቀቂያ ለጀማሪ፦ የአገር ቤት የድሮ ኦሪጅናል ካሴት ላይ አትቅዱ። በላያቸው እንዳይቀዳ ጆሯቸው (ጠርዙ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ) ተሰብሯል፤ በወረቀት ወይም በፕላስተር ደፍኖ መቅዳት እንደሚቻል ሁላችንም በልጅነት ተምረናል፤ ነገር ግን ከነዚያ ካሴቶች ብዙዎቹ በሌላ መልክ ዳግም አልወጡም። አንድ ሰው ከደፈነው ያ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ።

ከፒያሳ አንድ የድሮ ሙዚቃ ቤት ጓዳ ውስጥ ያልተከፈቱ ሲ90 እና ሲ60 ተገኙ፣ አንዱ 350 ብር። የሲ90 ክር 12 ማይክሮን ያህል ውፍረት ነው ያለው፣ የሲ60 ደግሞ 18። የመኪና ቴፕ በሙቀት ጊዜ ቀጭኑን ክር የመብላት ልማድ አለው። ለጋሼ ደኅንነት ሁለት ሲ60 ማድረግ ይሻል ነበር፤ ግን ያኔ 120 ደቂቃ ይሆንና ያ የወደድኩት ገደብ ይላላል። ሲ90ውን ያዝኩ፤ የመኪናውን ቴፕ ጎማና ሄድ ራሴ ላጸዳላቸው።

ሐምሌ፦ ምርጫ

ጊዜ የፈጀው ይሄኛው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ በደንቡ ላይ ተነሳ። እማሆይ ጽጌማርያም በመጋቢት 2015፣ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አረፉ። «ሱቬኒርስ» የተባለው አልበማቸው የወጣው ካረፉ በኋላ በየካቲት 2016 ነው፤ የተቀዳው ግን እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ፣ በደርጉ ዘመን፣ ቤታቸው ውስጥ በተራ ቴፕ ነው። ታዲያ የዘንድሮ ነው ወይስ የዚያን ጊዜ? የእህቴ ልጅ «አርባ ዓመት ያለፈውን ዘፈን የዓመቱ ምርጥ ማለት አይቻልም» ብላ ተከራከረችኝ።

እኔ እንዲህ ነው የማስበው። ያን ጊዜ የሰማው ሰው አልነበረም። ዘፈን ዓመቱ የሚቆጠረው ጆሮ ከደረሰበት ጊዜ ነው። ካሴት ውስጥ ተዘግቶ አርባ ዓመት የቆየ ድምፅ ለእኔም፣ ለሷም፣ ለጋሼም ዘንድሮ ነው የተወለደው። ደንቡን «ለአድማጭ የቀረበ» ብዬ የጻፍኩት ሳላስበው ቢሆንም አሁን አስቤበት እንዲሁ እንዲሆን ወስኛለሁ።

እና ይህ አልበም ከሁሉ ይበልጥብኛል። እማሆይን በፒያኖ ብቻ ነበር የምናውቃቸው፤ እዚህ ግን ፒያኖውን እየመቱ በአማርኛ ያዜማሉ። ድምፃቸው ጌጥ የለውም፣ የመድረክ ድምፅ አይደለም፤ ለራሱ የሚናገር ሰው ድምፅ ነው። ከውጭ የወፍ ጫጫታ አብሮ ተቀድቷል። በምትኖሩበት አገር ፀሐይ ነው ወይስ ደመና እያሉ የሚጠይቁበት አለ። በአንዱ ግጥም ደመናው ሰማይ ላይ ሲሄድ ያያሉ። አገር ቤት ተቀምጠው የስደተኛ ናፍቆት ነው የሚያዜሙት፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱትና እስከ ዕረፍታቸው ገዳም የኖሩት። ይህን እያወቁ ማዳመጥ ከባድ ነው፤ ሆኖም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከአልበሙ ሦስት ይገባሉ። ከሌላ ከማንም ሦስት አይገባም።

ኃይሉ መርጊያ። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሩክሊን፣ ፓዮኒር ዎርክስ ከሚባለው አዳራሽ በቀጥታ የተቀዳው በ2023 ወጣ። ይሄም በዚያው ደንብ ገባ። ዋሊያስ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ሲጫወቱ ከሰማናቸው በኋላ ለረጅም ዓመታት አሜሪካ ታክሲ ይነዱ እንደነበር፣ ኪቦርዳቸውን መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው ደንበኛ ሲጠብቁ እንደሚለማመዱ ብዙ ሰው ያውቃል። መድረኩ ላይ ከቤዝና ከድራም ጋር ብቻ ናቸው። በስቱዲዮ ሥራቸው ላይ የማይገኝ ነገር እዚህ አለ፤ ትዝታውን አንዱን ሐረግ ይዘው፣ አዙረው፣ ጥለውት ሄደው ይመለሱበታል፣ ድራሙም ይጠብቃቸዋል። አንድ ረጅም ቦታ ሰጠኋቸው።

ሙላቱ አስታጥቄ ከቴል አቪቩ ሁድና ኦርኬስትራ ጋር የሠሩት «ቴንሽን» ሁለተኛው ምርጥ አልበሜ ነው። ነሐሱ ወፍራም ነው፣ ድራሙ ይከብዳል፣ ቫይብራፎኑ (በመዶሻ የሚመታው ባለ ብረት መሣሪያ) በመካከል እንደ ልቡ ይንሳፈፋል። የሙላቱን ሥራ የሚጫወቱ የውጭ ባንዶች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹ ቅኝቱን ይይዙና ክብደቱን ያጣሉ። እነዚህ ክብደቱን ይዘውታል። መክፈቻው እሱ ነው፤ ርዕሱን የሰጠው ዘፈን።

ካማሲ ዋሺንግተን። ሎስ አንጀለሳዊው ሳክስፎኒስት ሚያዝያ ላይ ያወጣው «ፊርለስ ሙቭመንት» የሚከፈተው «ልሳኑ» በሚል ሥራ ነው፤ መግቢያው ላይ በግዕዝ ጸሎት ይሰማል። ስሰማው ቆሜ ነው ያዳመጥኩት። ግዕዝ ለማድመቂያ ቢገባ አይደንቀኝም ነበር፤ ይሄ ግን ከጸሎቱ ተነስቶ ወደ ነሐሱና ወደ መዘምራኑ ሲያድግ ቃሉ ሙዚቃውን እንደሚመራ ይሰማል። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሁለት አጭር ዘፈን አስወጥቶ ነው የገባው፤ አልቆጨኝም።

ደቡብ አፍሪካዊቷ ዘፋኝ ታይላ የእህቴ ልጅ ድርሻ ናት። «ዋተር» እ.ኤ.አ. የካቲት 2024 ግራሚ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠውን የአፍሪካ ሙዚቃ ሽልማት አሸንፏል። ነጠላው በእኛ በ2015 ነው የወጣው፤ አልበሙ ግን መጋቢት 2016። በአልበም ስለቆጠርን ገባ። ጥሩ ዘፈን ነው፤ የከበሮው ክፍተት ደስ ይላል፣ የአማፒያኖው (የደቡብ አፍሪካ የዳንስ ስልት) ቤዝ እስኪመጣ ያስጠብቃል።

ደንቡን ያፈረስኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሙሉቀን መለሰ ዘንድሮ በሚያዝያ ግድም አሜሪካ አረፈ። ዓለማዊውን ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር ከገባ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ሆኖም ጋሼና እኩዮቻቸው ሙሉቀን ሲባል «ሄደች አሉ»ን ነው የሚሰሙት። አዲስ የወጣ ነገር የለም፣ የድሮ ቅጂ ነው። እሱ ያረፈበትን ዓመት ካሴት ያለ እሱ ማድረግ አልቻልኩም፤ ገባ።

ሐምሌ መጨረሻ፦ ግዢ

ፋይሎቹን በዩቲዩብ አውርጄ መቅዳት አልፈለግኩም፤ የድምፁ ጥራትም የሠሪው ድርሻም ይጎድላል። በፍላክ (ጥራቱ ሳይቀነስ የተቀመጠ የድምፅ ፋይል) መግዛት የሚቻለው በውጭ ካርድ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ገዝታ በድራይቭ ላከችልኝ፤ እኔ ለእናታችን በብር እሰጣለሁ ብለን ተስማማን። ልንተሳሰብ ስንል ሐምሌ 22 የምንዛሪው ለውጥ ታወጀ። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። አንድ አልበም ሰኔ ላይ አስቤው ከነበረው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እህቴ «በድሮው ሒሳብ ይሁን» አለች፤ እናቴ ግን በአዲሱ ነው የተቀበለችኝ።

ነሐሴ፦ ድምፅ ማመጣጠን

ሁሉንም ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ደረደርኩ። ታይላ ከእማሆይ ቀጥሎ ሲመጣ ጆሮ ይመታል፤ ከዘመናዊ ስቱዲዮ የወጣው ዘፈን ተጨምቆ ጣሪያ ድረስ የሞላ ነው፣ የእማሆይ ደግሞ ቴፕ ላይ የተቀዳ፣ ጸጥ ሲል በጣም ጸጥ የሚል ነው። ፕሮግራሙ በራሱ እኩል እንዲያደርጋቸው ሞከርኩ። በቁጥር እኩል ሆኑ፣ በጆሮ አልሆኑም። የፒያኖው ዝቅታ ከሞተር ድምፅ በታች ይሄዳል፤ ዲኤክስ በ80 ሲነዳ ጸጥ ያለ መኪና አይደለም።

የተለመደው መፍትሔ ኮምፕረሰር ነው፤ ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ መሣሪያ። ለሙላቱና ለካማሲ አላስፈለገም። ለእማሆይ ሁለት ለአንድ አድርጌ ሞከርኩት፤ የወፎቹ ጫጫታና የድሮው ካሴት ሹክሹክታ አብሮ ከፍ ብሎ መጣ፣ ፒያኖው ሲመታ ደግሞ ጀርባው ይተነፍሳል። ሰረዝኩት። በምትኩ የድምፅ መስመሩን በእጅ ሐረግ በሐረግ ከፍ ዝቅ አደረግኩት፤ ዝቅ ያለውን ሐረግ ሁለት ሦስት ዲሲቤል ማንሳት፣ የቀረውን አለመንካት። አድካሚ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን የሳቸውን አመታት አልነካም።

የካሴቱን ሹክሹክታ የሚቀንሰውን ዶልቢ አጠፋሁ። የመኪናው ቴፕ ዶልቢ የለውም፤ በዶልቢ የተቀዳ ካሴት ያለ ዶልቢ ሲሰማ ይጮኻል። የመቅጃውን መርፌ ለነሐሱ እስከ ዜሮ፣ ለታይላ ቤዝ እስከ ሲደመር ሦስት ፈቀድኩለት። ቫይብራፎኑን ግን ከሲቀነስ ሦስት አላስበለጥኩም፤ ተራ ክር ላይ ከፍ ሲል የብረቱ ጥርት ይሰነጠቃል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ደግሞ በቅኝት አሰብኩ። ሁለት የትዝታ ቅኝት ተከታትለው ከመጡ ሁለተኛው የመጀመሪያው ቀጣይ ይመስላል፣ የራሱን መልክ ያጣል። ስለዚህ የኃይሉ መርጊያ ትዝታና የእማሆይ ዜማዎች አንድ ጎን ላይ አልተቀመጡም። ኤ ጎን፦ ሙላቱ፣ ታይላ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሌሎች ነጠላዎች፣ መዝጊያው ካማሲ። ቢ ጎን፦ የእማሆይ አንዱ፣ በመካከል ሌሎች ዘፈኖች፣ የእማሆይ ሁለተኛው፣ ሙሉቀን፣ የእማሆይ ሦስተኛው።

ነሐሴ አጋማሽ፦ ቅጂ

ካሴት የሚቀዳው በሚሰማበት ፍጥነት ነው፤ 45 ደቂቃ ማለት 45 ደቂቃ ነው። ከመቅዳት በፊት ክሩን እስከ መጨረሻው አጠንጥኖ መመለስ ያስፈልጋል፣ ብዙ ዓመት ተጠቅልሎ የቆየ ክር ይጣበቃል። መሪው ነጭ ፕላስቲክ እስኪያልፍ በእርሳስ አዞራለሁ፣ ካልሆነ የመጀመሪያው ምት ይቆረጣል።

ኤ ጎን ካማሲ ላይ ደርሶ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፣ ዴኩ ቆመ። ከተቆረጠበት መቀጠል ይቻላል፤ ግን ሄዱ ክሩ ላይ ሲቆም ጧ የሚል ምልክት ይተዋል። ካማሲን በሙሉ ከጸሎቱ መግቢያ ጀምሬ ደገምኩ። ከዚያ በኋላ የምቀዳው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ሆነ፤ በእኛ ሰፈር ያን ሰዓት መብራት ብዙ አይነካም።

ጳጉሜ፦ መኪናው ውስጥ

መጀመሪያ ሲሰማ ድፍን ያለ ነበር። ቤት ጥርት ያለው ቫይብራፎን መኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ የተጣለበት መሰለ። ሄዱን በአልኮል ጠረግኩት፤ ጥጡ ቡና ቀለም ይዞ ወጣ፣ ድምፁ ግን ትንሽ ብቻ ነው የተሻሻለው። ነገሩ የሄዱ አቀማመጥ ነው። የመኪናው ሄድ ከክሩ ጋር ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ከዓመታት መንቀጥቀጥ በኋላ ዘንበል ብሏል።

ሁለት አማራጭ አለ። ወይ የእኔን ዴክ እንደ መኪናው አዛብቼ መቅዳት፣ ወይ የመኪናውን ማስተካከል። ዴኩን ካዛባሁ ካሴቱ በዚያ መኪና ላይ ብቻ ይሠራል። የመኪናውን ማስተካከል መረጥኩ፤ የጋሼ ኦሪጅናል ካሴቶችም በዚያው ይጠቀማሉ። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያለበት አንድ ብሎን አለ። ካሴቱ እየተጫወተ፣ ቀጭን ካቻቢቴ በበሩ አስገብቼ ሩብ ዙር እንኳ ሳልሞላ ወዲህ ወዲያ አልኩ፤ የሲምባሉ ጫፍ በጣም ጎልቶ ከሚሰማበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ብሎኑን በጥፍር ቀለም አተምኩት እንዳይላላ።

ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። የሙላቱን ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ታይላን ዝም ብለው አሳለፉ። የካማሲ ግዕዝ ሲጀምር «ይሄ ቄስ ማነው?» አሉ፤ ስነግራቸው እንደገና አጫውት አሉኝ። ቢ ጎን ላይ እማሆይ ሲመጡ ድምፁን ራሳቸው ጨመሩት። ሙሉቀን ሲገባ ግን መኪናውን ዳር አቁመው አብረው አዜሙና ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ ሙሉቀንን እዚህ ጥግ ምን አስቀመጠው? ፊት አድርገው» አሉ።

ፊት ይሁን ከተባለ ቢ ጎን ሙሉ ለሙሉ እንደገና ይቀዳል። ሦስቱ የእማሆይ ዜማዎች ተራ ይለወጣል፤ ከሙሉቀን ቀጥሎ ደመናውን የሚያዩበትን አደርጋለሁ፣ የፀሐይና የደመና ጥያቄውን መጨረሻ ላይ። ሁለት ባዶ ሲ90 ቀርተውኛል። እንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ዛሬ ሌሊት መብራት ካለ እቀዳለሁ።